ማስቱ ሃያ አንድ

እሑድ፣ ሰኔ 30

በልጄ ስም ዋጋ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ማስቱ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ በስልክሽ የአውቶብስ ድርጅቱን ገጽ ክፈቺ፣ ሁለት ወንበር ምረጪ፣ ከታች ባለው ባዶ ሣጥን ስሜን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ 21 አስከትይበት አለችኝ። ጻፍሁ። ነካሁት። ዋጋው በግማሽ ወረደ። የተከራከረኝ የለም። እኔ እኮ ለአንድ ጣሳ ጤፍ ምላሴ እስኪደርቅ የምከራከር ሴት ነኝ።

ሕጉን እነሆ፦
ለአንድ ስልክ አንድ ጊዜ።
ሁለት ወንበርና ከዚያ በላይ።
ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ለሚጓዝ ብቻ። ይኼ ገብቶኛል፤ ባዶ ወንበር ጭኖ ከመሄድ በግማሽ ዋጋ ሰው መጫን ይሻላል። ገበያ ሲመሽ ጎመን ይረክስ የለ?
የተቆረጠ ትኬት አይመለስም።
ሌላም ነግራኛለች፤ እያወራሁ ስለነበር አልሰማኋትም።

ያልከፈልሁት የኔታን ልጠብቅ ብዬ ነው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ዲማ ቅኔ ያስተምራሉ። ማስቱን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ያኔ «ስትመረቂ መጥቼ እመርቅሻለሁ» ብለዋት ነበር። ቅዳሜ በነርስነት ትመረቃለች። ጉልበታቸው ግን ታሟል፤ በተራው አውቶብስ ተጣጥፈው አዲስ አበባ አይደርሱም። ይኼኛው እግር ያስዘረጋል። ሙሉ ዋጋውን ደግሞ የመዝገብ ቤት ደመወዜ አይችለውም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

ልደታ። ማኅበሩ ዘነቡ ቤት ነበር። ጸበል ጻድቁ እንደተቀመሰ አፌ አላርፍ አለ። መልካም ነገር ለብቻ ይበላል? ነገርኋቸው። ሁሉም አፋቸውን ያዙ። ዘነቡ፣ «ማስቱ የኔን ልጆች መቼ ታውቃቸዋለች? በማን ትውውቅ ነው የሚቀንሱላቸው?» አለች። ማንንም ማወቅ የለብሽም፣ የጻፈው ሁሉ ይቀነስለታል አልሁ። ብርቅነሽ ወረቀት ስላጣች መዳፏ ላይ አስጻፈችኝ። ጠላዋን በግራ እጇ ነው የጠጣችው፣ እንዳይጠፋባት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

የኔታ በዝናብ ገቡ። ጉልበታቸው አብጧል። ነገሩን ሳስረዳቸው፣
«ቃሉን የሰማ ሁሉ ይገባበታል?» አሉ።
«አዎ፣ የኔታ።»
«እንዲያማ ከሆነ ደግ ቃል ነው።»
እሄዳለሁ አሉ። ስልኬን ሳነሳ መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም ተከተለው። ነገ ጠዋት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ቀይ ጽሑፍ። ይህ ኮድ አገልግሎቱን ጨርሷል ይላል። እንደገና ጻፍሁ። ፊደል በፊደል ቆጥሬ ጻፍሁ። ያው ነው።

ማስቱ ስልክ አታነሳም፤ የምረቃ ልምምድ ላይ ናት። ዘነቡ ደወለች፣ በደስታ አብዳ። ለልጆቿ አራት ወንበር ቆርጣለች። አማኑኤል ከተማ ላለው ወንድሟ ነግራዋለች፤ እሱም ለጎረቤቱ። ብርቅነሽም ለእህቶቿ። አንዱ ኮድ ለአሥር ገዢ ብቻ ነው ይባላል አለችኝ፤ እኔ መቼም የቆረጥሁ መስሏታል። በገዛ አፌ አሥር ሰው አስቀድሜ እኔ ከውጭ ቀረሁ።

ለየኔታ እንዴት ይነገራል? ነገርኋቸው። ጉልበታቸውን አሹ። «ለሰው በሰጠሽው አትቆጪ» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ። ማስቱ ደወለች።
«እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው? ሁለት የነጻ ትኬት መጣልኝ።»
ለካ ኮዱ የራሷ ነው። ድርጅቱ ለደንበኛው ሁሉ በስሙ አንድ አንድ ይሰጣል። አሥር አዲስ ሰው ሲገዛበት ይዘጋል፤ ለባለቤቱም ሁለት ወንበር በነጻ ይሸለማል። ጓደኞቿ ሁሉ የየራሳቸው ስላላቸው የእሷን የሚጠቀምላት አልተገኘም ነበር። እሑድ ነግሬሽ ነበር እኮ ትላለች። እንዴት ልስማት?

ወዲያው ለነገ በስማችን ቆረጠችው። መልእክቱ ደረሰኝ፤ የኔታ ስም ከነመምህርነታቸው አለበት። እኔ አፌን ስረግም ኮዱ ለካ ከሰኞ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት እያለ የተናገርሁትን ሲቆጥርልኝ ነበር። አላየሁትም፣ አልሰማሁትም። ይገርማል። በጣም ይገርማል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ሉማሜን አለፍን። የኔታ እግራቸውን ዘርግተዋል። ማን ከፈለልን አሉኝ። አሥር ሰዎች አልሁ። በጸሎት ላስባቸው፣ የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ አሉ። ከትናንት ጀምሮ በስልክ ሳጣራ ዘጠኙን አግኝቻለሁ፤ እነሱን ቆጠርሁላቸው። አሥረኛውን የሚያውቅ ጠፋ።
«ስሙን የሚያውቅ አለ» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

እኔን ግን አሥረኛው እንቅልፍ ነስቶኛል። ከፊታችን አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ሁለት ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ፈገግታዋ በግማሽ ዋጋ የገባ ሰው ፈገግታ ነው። ልጠይቃት ነው።