የግራ ዱላ የለም አሉኝ

ውዴ አስቴር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እወቂልኝ፦ ቃሌን እስከ ዛሬ አላፈረስኩም። የምህረትን ግራ እጅ አልነካሁም። አሁን ግን ልጅቷ ራሷ ጠየቀችኝ፤ ምን እንደምመልስላት አላውቅም።

ከተለየሽኝ ስድስት ዓመት ሆነ። የልጅ ልጃችን ምህረት ዐሥራ አምስት ሞልቷት በቁመት አንቺን አልፋለች። እናቷ ወይንሸት ሥራዋ ዋጫ ከተማ ስለሆነ የምትመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። እኔም ከመምህርነቱ ጡረታ ወጥቻለሁ። የጓሮው አቮካዶሽ ዘንድሮ አጥሩን ገፍቶ ጣለው። ዛፉን ልቁረጥ ወይስ አጥሩን ላዙር እያልኩ ሁለት ወር አስቤ አጥሩን አዞርኩት። ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር።

ምህረት ሆኪ ትጫወታለች። የእኛ ገና ነው ብለሽ ያዢው፤ ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ኳስ፣ ሁለት ጎል። ልዩነቱ፣ ኳሷ የምትመታው በዱላው ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው። የክልሉ ታዳጊ ሴቶች ማጣሪያ ዘንድሮ እዚሁ ቦንጋ ሆነ፤ እሷም ለዞናችን ተመረጠች። የፋብሪካ ዱላ ለሁሉም ስላልበቃ አሰልጣኟ ልኬቱን በወረቀት ጽፋ ለየቤቱ ላከች።

ወንድምሽ ኃይሌ ከማንኪራ ጫካ በተፈጥሮው የቆለመመ የወይራ ቅርንጫፍ አመጣልኝ። ሦስት ሳምንት ሠራሁት። በማስመሪያ ለካሁ፣ በመላጊያ ላግሁ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁ። ወረቀቱ አንዱ ገጽ ጠፍጣፋ ይሁን ይላል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ለግራ እጇ እንዲመቻት አድርጌ ጠረብኩት። ወይንሸት ልጅ ሳለች ግራ እጇን በነጠላ ጫፍ አስሬ በቀኝ ያስጻፍኳት ትዝ ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሰው ፊት ስትፈርም ወረቀቱን ትሸፍናለች። ዱላው ካሣ መሰለኝ። አሰልጣኟም እንደኛው ለጨዋታው አዲስ ናትና በልምምድ ላይ ጎበዝ ከማለት በቀር ምንም አላለችም።

ያለፈው ቅዳሜ፣ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት፣ ዳኛዋ ዱላዎቹን ስትመረምር የእኔን አገላበጠችው።

«አባቴ፣ ይሄ የተገለበጠ ነው። በዚህ ስፖርት የግራ ዱላ የለም።»

«እንዴት የለም? ግራኝ ሰው የለም?» አልኳት።

«ሰውማ ሞልቷል፤ ዱላው ነው የሌለው።»

ከሺሺንዳ ከተማ በአውቶቡስ የመጡት የራሳችን ደጋፊዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ምህረት በውሰት ዱላ ገባች። ኳስ ባመለጣት ቁጥር የተቃራኒ ቡድን ልጆች «ግራኟ፣ ኳሷ በዚህ ናት!» እያሉ ተሳለቁባት። አንድ ለባዶ ተሸነፍን። የፊታችን ቅዳሜ ካላሸነፍን ማጣሪያው ለእኛ አበቃ። እስከ ሐሙስ የውሰቱን ዱላ ካልለመደች ደግሞ ምህረት አትሰለፍም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የውሰቱን ዱላ ይዛ ፊቴ ቆመች። «አባባ፣ በቀኝ አስተምረኝ። የቦንጋ ግራኝ ሁሉ የተቃናው ባንተ ነው ይላሉ» አለችኝ። ለምስጋና ነው የተናገረችው፤ እኔን ግን ወጋኝ።

አስቴር፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነሽ ያስማልሽኝን አልረሳሁም። «የዚህችን ልጅ እጅ እንዳትነካ» ነበር ያልሽው። በማዕድ ጊዜ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ትቀመጪ ነበር፤ እጇ ቢጋጭ ካንቺ እጅ ጋር ብቻ እንዲጋጭ። አሁን እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የሚያደናግረኝን ስሚኝ። ለልጅቷ ከመመለሴ በፊት ዱላውን ራሴ ያዝኩት። የቀኝ በሚሉት ዱላ ላይ ከላይ የሚይዘው ግራ እጅ ነው። የሚያዞረውም የሚመራውም ግራ ነው፤ ቀኝ ከታች ይደግፋል። ታዲያ ይህ ዱላ የየትኛው እጅ ነው? ባስተምራት አስገደድኳት ማለት ነው ወይስ የእጇን ጉልበት አወጣሁላት? ፈቅዳ ጠይቃኛለች እንዳልል፣ ወይንሸትም ሳስራት አላለቀሰችም፤ «እሺ አባባ» ነበር ያለችው። ሠላሳ ዓመት የልጆችን መልስ ሳርም ኖሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣሁ። አስልቼ ስጨርስ እንደገና ይምታታብኛል።

ዛሬ ሰኞ ነው። እስከ ረቡዕ ታገሺኝ ብያታለሁ። የሠራሁትን ዱላ ፎቶሽ ሥር ሰቅዬዋለሁ። የምወስነው ምንም ይሁን ምን ከግራዋ መቀመጤን አልተውም፤ ክንዷ ክንዴን በነካው ቁጥርም አስታውስሻለሁ።

በሕልምም ይሁን አንቺ በምታውቂው ሌላ መንገድ፣ እባክሽ ከረቡዕ በፊት መልሽልኝ። ልጅቷ በረንዳው ላይ ዱላዋን ይዛ ተቀምጣለች።

ባልሽ