ተንበርክካ ሰላም ያለችኝ ልጅ

ጥር 14
ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ከገላን ኮንዶሚኒየም በሚኒባስ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ፣ የፈተና እርማት። ልዩነቱ የመጨረሻዬ መሆኑ ብቻ። አሥራ አንድ ዓመት አቃቂ አስተምሬ አሁን ደግሞ ኡጋንዳ... ሰሜን፣ ገጠር። ውሉ የአንድ ዓመት፣ የመጀመሪያው ሦስት ወር ሙከራ።
እማዬ ቀኑን ሙሉ አኩርፋኛለች። ልብሴን ግን ከሻንጣው አውጥታ እንደገና አጣጥፋዋለች።
"እምነት፣ እዚህ ተማሪ አልቆብሽ ነው?" አለችኝ በመጨረሻ።
ምን ልበላት? እዚሁ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንዳላረጅ ፈራሁ ልበላት?

ጥር 27
ደረስኩ። ቀይ አቧራ። ከአስፋልቱ በሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት። መብራት የለም። አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና አራት ተማሪ!
"ይለምዱታል" አሉኝ ርዕሰ መምህሩ፣ ሚስተር ኦኮት።

የካቲት 3
እጠይቃለሁ፣ ዝም። እቀልዳለሁ፣ ዝም። እንግሊዝኛዬ ነው? ንቀት ነው? አቃቂ ቢሆን እስካሁን ስንቱ ተከራክሮኝ ነበር።

የካቲት 11
ምን አደረግኩ?
አኬሎ የምትባል ልጅ አለች፤ ከኋላ የምትቀመጥ፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደብተሯን ልታስረክበኝ መጣችና መሬት ላይ ተንበረከከች። ክፍሉ ሁሉ እያየ! ደሜ ፈላ። "ተነሺ! ለሰው አይንበረከክም!" ብዬ ክንዷን ይዤ አነሳኋት። ጮህኩባት። ጸጥ አሉ... ይሄኛው ጸጥታ ሌላ ነው። ልጅቷ ደብተሯን ትታ ወጣች።

የካቲት 13
አኬሎ ትናንትም ዛሬም የለችም። ሚስተር ኦኮት ቢሯቸው አስጠሩኝ።
"መንበርከክ እዚህ ሰላምታ ነው። ልጅቷ አከበረችዎት፤ እርስዎ በሰው ፊት አሳፈሯት። እናቷ ተቆጥታለች። ወላጆች አቤት ካሉ ሙከራውን አያልፉም።"
እማዬ ደወለች። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ።" ውሸታም።
እኔስ የአባቴን አጎት ጉልበት እየሳምኩ አይደል ያደግኩት? የእኔ ሲሆን አክብሮት፣ የእሷ ሲሆን ውርደት?

የካቲት 14
አኬሎ ቤት ሄድኩ። ሚስተር ኦኮት ሊያስተረጉሙልኝ አብረውኝ። ሰባት ኪሎ ሜትር በእግር... ልጅቷ በየቀኑ የምትመላለሰው ይሄንን ነው! እናትየው ማሽላ እያበጠረች ነበር። ቀና ብላም አላየችን። በቋንቋቸው ይቅርታ ማለትን መንገዱን ሁሉ ስለማመድ ነበር። ጠፋብኝ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም፤ ዝቅ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ።
ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ሰፌዱ ተደፋ። ክንዴን ይዛ እየጎተተች ትጮህብኛለች። ምን እያለች ነው?
"ተነሺ ነው የምትለው" አሉ ሚስተር ኦኮት።
ከበሩ ጀርባ አኬሎ ሳቋ አመለጣት። ቀጥላ እናትየው። እኔ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት። የተደፋውን ማሽላ አራታችንም ስንለቅም አመሸን።

የካቲት 16
መጣች! ተንበርክካ ሰላም አለችኝ፣ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኳት። ትምህርቱ መሃል እጇን አወጣች። "ማዳም፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ቁጥር ልክ አይደለም።" እውነቷን ነው። እንዲህ ተሳስቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት 22
ዛሬ ስድስት ጥያቄ ተጠየቅኩ። የሁለቱን መልስ አላውቀውም።

ሚያዝያ 29
ገላን። ሙከራውን አልፌ ለሁለት ሳምንት እረፍት መጣሁ። የድሮው ትምህርት ቤቴ ጎራ አልኩ። "ቦታሽ ክፍት ነው፤ ከመስከረም ግቢ" አሉኝ ዳይሬክተሩ ጋሽ ዱሬሳ። የካቲት ላይ ቢሆን እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። "አመሰግናለሁ፣ ግን ወደ ኡጋንዳ እመለሳለሁ" አልኩ። እንዲህ ቀላል ነው?
የከበደኝ ለእማዬ መንገሩ ነው። ስልክ ላይ የደበቅኳትን ሁሉ አወራኋት... ጩኸቴን፣ የአኬሎን እናት፣ ማሽላውን። ቴሌቪዥኑን ዘግታ ሰማችኝ።
"መቼ ነው የምትሄጂው?"
"ግንቦት አሥራ አራት።"
አሁን ትነሳብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።
"እንግዲያው ቅዳሜ ሳሪስ አቦ ገበያ እንወጣለን" አለች። "ለዚያች ሴት ነጠላ እንግዛላት። ልጄን ከመሬት ያነሳች ናት።"