ከሥሬ ያለውን ሳላውቅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እማዬ።

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጠይባ የላከችልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መስኮት ላይ አስቀምጠሽ ታይዋለሽ? አጋሮ ዝናቡ አባራ? ቡናው መቅላት ጀመረ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ጠይባም ደህና ናት፤ ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት ስላቃታት አሁን ጫማዋን የማስርላት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል ብሏል።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልኩ አላዋጣ ስላለኝ ነው። ስለ ጀልባ ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ ለምን እንደሚጠፋብሽ አላህ ያውቃል። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ሀዋ ታነብልሻለች። እህቴ፣ አደራሽን፣ ረዘመ ብለሽ እንዳትዘዪው።

ባለፈው ግንቦት የግድቡ ውሃ ጎድሎ ጀልባዬ ጉቶ ስትነካ፣ ዳር እስክንደርስ ዝም ብለሽ ቆይተሽ፣ እግርሽ መሬት እንደረገጠ “ወላሂ፣ ከሥሬ ያለውን ሳላውቅ ሁለተኛ በዚህ ውሃ ላይ አልሄድም” ብለሽ ማልሽ። ያንቺን መሐላ አውቀዋለሁ፣ ከአፍሽ ከወጣ ወጣ ነው። በመኪና ዙሪ እንዳልልሽ ያ ኮረኮንች ለጤነኛም አይሆን። ጠይባ ደግሞ እናት እንደሌላት ታውቂያለሽ። የምታርሰኝ እናትህ ናት፣ ሌላ ሰው ቤቴ እንዳታመጣ ብላኛለች። በሁለታችሁ መሐል ያለሁት እኔ ነኝ።

ሳስበው ሳስበው ቃልሽን መረመርኩት። በጭራሽ አልሄድም አላልሽም፤ ሳላውቅ ነው ያልሽው። ሼኹን ጠየቅኳቸው። ከሥሯ ያለው ከታወቀ መሐላዋ አይፈርስም፣ ከፋራም የለባትም፣ ለመሐላው ማካካሻ አሥር ሚስኪን ማብላትም አይጠበቅባትም አሉኝ። ስለዚህ ከሥርሽ ያለውን የሚያውቅ ዕቃ አስመጣሁ።

ጥልቀት መለኪያ ይባላል። ስክሪን አለው፣ ከእሱ ጋር በገመድ የተያያዘ የሳሙና ቁራጭ የሚያህል ሴንሰር አለው። ሴንሰሩ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ መሬት ነክቶ ይመለሳል፣ በቆየበት ልክ ጥልቀቱ ይታወቃል። ችግሩ ሴንሰሩን ጀልባው ላይ የት እንደሚያስሩት መምረጡ ነው። በዚህ ምክንያት ከቲጃኒ ጋር ተኳርፈን ልንቀር ነበር። በቾ ቦሬ ከተማ ሞተር የሚጠግነው ጓደኛዬ ነው፣ ሠርጌ ላይ ሦስት ጊዜ በልቶ አልጠገብኩም ያለው።

እሱ መብሻ ትራፓኑን ይዞ መጣ። የጀልባዋን ሆድ በስተን ሴንሰሩን በቀዳዳው እናውጣው፣ ከዚያ የተሻለ የሚያነብበት ቦታ የለም አለኝ። እኔ ደግሞ በኦሮምኛ “ላኪ”፣ አይሆንም፣ አልኩት። ያቺን ጀልባ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሆኜ ስድስት ወር ሙሉ ያለ አንድ ምስማር ነው የገጣጠምኳት። አባዬ በርጩማ ሲሠራ ከአንድ ግንድ ጠርቦ እንደሚያወጣ፣ ምስማር የሰነፍ ነው እንደሚል የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ውሃ ላይ የምትሄድ ነገር ሆዷን በገዛ እጄ እበሳለሁ? ቲጃኒ ጀልባ እንጂ ሙሽራ አይደለችም ብሎ ሳቀብኝ።

እሺ እንግዲያው ከውስጥ በኩል በኮላ እንለጥፈው አለ። ለጠፍነው። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ለካ ይሄ የሚሠራው ለፋይበር ጀልባ ነው፤ እንጨት በውስጡ አየር ስላለው ድምፁን እዚያው ውጦ ያስቀረዋል። ኮላውን ስፍቅ አንድ ቀን ሙሉ ዋልኩ፣ ጠይባም የኮላ ሽታ ስለማይስማማት በረንዳ ላይ አስበላችኝ።

የቀረን ከኋላው ሳንቃ ላይ ማንጠልጠል ነበር። እሱም ብሎን ይፈልጋል። ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ። ከተረፈችኝ ዋንዛ ላይ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ጠረብኩ፣ ሳንቃው ላይ በኮላ አጣበቅኳት፣ ብሎኖቹን እሷ ውስጥ ብቻ አስገባሁ። ጀልባዋ አልተወጋችም። መጀመሪያ በግራ በኩል አድርጌው ከፕሮፔለሩ የሚወጣው አረፋ ቁጥሩን አዘለለብኝ፤ ወደ ቀኝ አዛውሬ ከጀልባዋ ሆድ በታች አንድ ጣት ያህል ዝቅ ሳደርገው ጸጥ አለ። ጉቶ ቢነካው እንኳ ወደ ላይ ታጥፎ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም። ቲጃኒ ዙሪያውን እየዞረ አየና ትራፓኑን ወደ ሳጥኑ መለሰ። እሱ ትራፓኑን መለሰ ማለት አመሰገነ ማለት ነው።

ልንሞክረው ስንወጣ አባ ሱሌይማንን ይዘናቸው ሄድን፤ የድሮ ጎረቤታችን፣ አሁንም ዓሣ የሚያጠምዱት። ከቲጃኒ ስክሪን ጋር የሚወዳደሩበት ጫፏ ላይ ድንጋይ የታሰረባትን ገመዳቸውን ይዘው ነው የመጡት፣ በየክንዱ የተቋጠረችውን። መሐል ስንደርስ ቲጃኒ ሃያ ሦስት ሜትር ብሎ ጮኸ። አባ ሱሌይማን ገመዳቸውን ጣሉ፣ ቆጠሩ፣ አሥራ አራት ክንድ አሉ። ሰባት ሜትር መሆኑ ነው። ቲጃኒ የእርስዎ ገመድ አርጅቷል አላቸው። እሳቸውም ገመዴ ካንተ ትልቃለች፣ ዋሽታም አታውቅም አሉት። ሲነካካው ለካ ዕቃው በሜትር ሳይሆን “ፊት” በሚሉት የፈረንጅ መለኪያ ነበር የሚቆጥረው። ወደ ሜትር ሲቀይረው ሰባት ሆነ። አባ ሱሌይማን ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

ሀዋ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

በየቀኑ ሰው ጭኜ የምመላለስበትን መስመር ይዘን ስንሄድ ሰባት የነበረው ስድስት፣ አምስት፣ አራት እያለ መጣ። ስክሪኑ ላይ ጉብታ ወጣ። ጉቶ ነው ብዬ ሞተሩን ቀነስኩ። አባ ሱሌይማን ግን ወደ ዳሩ ዛፎችና ወደ ተራራው እያስተያዩ ቆዩ፣ ኮፊያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ሲጨርሱ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አሉኝ፣ እናትህ ጉቶ የፈራች ይመስልሃል? ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጣ የት ደረስን ብላ ጠየቀችኝ። የመንደራችን ቀብር ላይ ነን አልኳት። ከዚያ እስክትወርድ አንድ ቃል አልወጣትም። ሴት በባሏ መቃብር ላይ ተረማምዳ ትሄዳለች?

እማዬ፣ የግድቡ ውሃ መጥቶ መንደራችንን ሲውጠው እኔ ገና ስሜን በቅጡ የማልጽፍ ነበርኩ። አባዬ እዚያ አካባቢ እንዳረፈ አውቃለሁ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። አንቺ አወቅሽ፣ ዝም አልሽ፣ በጉቶው አሳበብሽ። ለምን እንዳልነገርሽኝም ገባኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአባቴ ላይ ሰው ሳመላልስ እንደኖርኩ ሰምቼ እንዳላዝን ነው። አዝኛለሁ፣ አልዋሽሽም። ቲጃኒ ሞተሩን አጠፋልኝ። ቀብር ሲታለፍ የሚባለውን ሰላምታ አልኩ። ሴንሰሩ ድምፁን ይልካል፣ ከታችም ይመለስለታል። አራት፣ አራት፣ አራት ይላል። እሱን እያየሁ ልቤ ረጋ።

በማግስቱ ጉብታውን ዙሪያውን በስክሪኑ ለካሁት። በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጣልኩና ነጭ ጄሪካን አሰርኩበት። አሁን ጀልባዬ በውጭ ዞራ ነው የምታልፈው። ተሳፋሪዎቹ መንገዱ ረዘመ ብለው አጉረመረሙ፤ አባ ሱሌይማን ምክንያቱን ሲነግሯቸው ግን ጄሪካኖቹ ጋ ሲደርሱ ወሬ የሚያቆሙ እነሱ ሆኑ። ሌሎቹም ባለጀልባዎች መዞር ጀምረዋል።

እንግዲህ ከሥርሽ ያለው ታውቋል፤ ሰባት ሜትር የቱ ጋ እንደሆነ፣ አራት ሜትር የቱ ጋ እንደሆነ፣ በየት እንደማናልፍም ጭምር። መሐላሽ ሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት ዳር ላይ እጠብቅሻለሁ። ከፊት በኩል በርጩማ አዘጋጅቼልሻለሁ፣ ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ምስማር የለውም። ጄሪካኖቹ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ የምትይውን እስክትጨርሺ ድረስ አላስነሳም።

ጠይባ ልጃችን ሴት ከሆነች ስሙን እኔ አወጣለሁ ብላለች። ወንድ ከሆነ ግን ያንቺ ነው። ምን ብለሽ እንደምትጠሪው አልጠይቅሽም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ዱዓሽ አይለየኝ።

ዞሮ የሚያልፈው ልጅሽ