በሩ ላይ የሚቆመው ተዋጊ

ሐሙስ፣ ጥር 7
ዝናብ። እንደ ትናንቱ ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ ሹሜ አሮጊቶችን ወደምትንከባከብበት ሥራዋ ሄዳለች። ከሰዓት ልጄ ኦሻራት ጓደኞቿን ዮታምንና ማዖርን ይዛ መጣች። ሳሎኑን ያዙት። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ብዙ ፊት ያላት ጠጠር... ኩቢያ ይሏታል። ኦሻራት ታወራለች፦ ዋሻ፣ ዘንዶ፣ የፈረሰ ግንብ። እነሱ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። መሳካቱን ኩቢያዋ ትፈርዳለች። መኝታ ቤት ሆኜ ሰማኋቸው። ዘንዶው ምን ሆነ ይሆን?

ዓርብ፣ ጥር 8
ጠየቅኳት። ዘንዶው አምልጧል።
«አባ፣ ለምን አትጫወትም? ተዋጊ የለንም።»
ተዋጊ! ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ቀኝ እጄን ከያዘው ወዲህ ጠርሙስ እንኳ አልከፍትም። ከቤትም አልወጣም። ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ እጄን ነው የሚያየው።
«እሺ» አልኳት። ለምን አልኩ?

ሐሙስ፣ ጥር 14
ተዋጊዬን ሠራሁ። ነጥብ ይሰጡሃል፣ ታከፋፍላለህ፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ብልሃት። እኔ ሁሉንም ጉልበት ላይ ከመርኩት። ትልቁን መጥረቢያ መረጥኩ።
ኦሻራት ቀስ ብላ፣ «አባ፣ እሱ ሁለት እጅ ይፈልጋል።»
«ሰውዬው ሁለት እጅ አለው!» ጮህኩባት። ማዖር አቀረቀረ።
ገና ውጊያው ሲጀመር ሮጬ ገባሁ። አንዱን ጣልኩ። ከዚያ ከበቡኝና ወደቅኩ። ማዖር የሚጫወተው ፈዋሽም ቆሰለ።

እሑድ፣ ጥር 17
ሳስበው ዋልኩ። ያን ሁሉ ጉልበት ይዤ እንዴት ወደቅኩ? ኦሻራት ከሥራ እንደገባች ያዝኳት።
«ጠላት ፍለጋ ሮጥክ። እነሱ በጎንህ አልፈው ማዖር ላይ ሄዱ።»
«ታዲያ የተዋጊ ሥራ ምንድን ነው?»
«እንዳያልፉ ማድረግ።»
እንዳያልፉ! እኔ ደግሞ መግደል ነው ብዬ...
ሌላ ሠራን፣ እኔና እሷ። ጉልበት ቀነስን፣ ጽናት ጨመርን። ጥሩር አለበስነው። ጋሻና ጦር። ጦር ለምን? ከጋሻው ኋላ ሆኖ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ነው የሚቆመው ወይስ ጠባብ በር ላይ? ጥያቄዬ አላልቅ አለ። ሁሌ በዕብራይስጥ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ አስረዳችኝ። ቃል ሲጠፋት ተነሥታ ቆማ አሳየችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21
በሩ ላይ ቆምኩ። አላለፉም! ማዖር ኩቢያዋን ሊጥልልኝ እጁን ሲዘረጋ፣ «ተው፣ እኔው» አልኩት። በግራዬ ጣልኩ።
«ያላ፣ በርታ ሙሉሰው!» ብለው ስሜን እየጠሩ ጮኹ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ዛሬ ጨዋታው ዮታም ቤት፣ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ነው። ኦሻራት ከሥራ በቀጥታ ስለምትሄድ ከሰፈራችን ከአሚሻቭ ብቻዬን አውቶቡስ ያዝኩ። አንዲት ሴት እጄን አየች። ትየው። እኔ የማስበው ሌላ ነው... ፈረሰኛ ቢመጣ ጦሩ ያቆመው ይሆን?
ጨዋታው ላይ ፈረሰኛው መጣ፤ ጦሩ አላቆመውም። እኔ ድልድይ ላይ ቆሜ ስከላከል ሌሎቹ መሻገር ጀመሩ።
«አባ፣ አሁን መሮጥ ትችላለህ።»
«ማዖር ተሻግሯል?»
«ገና።»
ቆምኩ። ማዖር ተሻገረ። ከዚያ ኩቢያዋ ከዳችኝ፤ ተዋጊዬ ወደቀ። ኦሻራት ዓይኗ እንባ ሞላ... በጨዋታ!
የዮታም እናት ብቅ ብላ ደነገጠች። «ምን ሆናችሁ?»
«ምንም፣ እኔ ሞቼ ነው» አልኳት፣ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጤ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።
ሌላ ተዋጊ ልሠራ አዲስ ወረቀት ስጡኝ እያልኩ ሳለ ሹሜ ደወለች። ከሥራ ገብታ ቤቱን ባዶ አግኝታው ነው።
«አንተ፣ ቤት የለህም እንዴ?»
«የለሁም።»
ቀስ ብላ፣ «እራት ላቆይልህ?»
«አቆዪልኝ» አልኳት።