ሳይነገረው የሄደች መርከብ

እሑድ፣ ጥር 18

በርናባስ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ምንትዋብ ዶሮ ሠራችለት፣ "ምሥራች ላመጣ ይገባዋል" ብላ። ምሥራቹ? አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ የመጽሐፌን ሦስተኛ ምዕራፍ ወዶታል! "ማነው ይሄን የጻፈው ብለው ጠየቁኝ እኮ" አለኝ። ኩራት ኩራት አለኝ...

ስድስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ነቀምቴ ተቀምጦ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ስለ አሜሪካ የባሕር ኃይል ሚኒስትር! ጌድዮን ዌልስ። ከጋዜጣ አዘጋጅነት የመጣ፣ ዊግ የሚያጠልቅ፣ ጢማም። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ በርናባስ ብቻ አልሳቀም። በእጄ የጻፍኩትን፣ ያለችኝን አንዲት ቅጂ መስከረም ላይ ለአሳታሚው እንዲያደርስልኝ የሰጠሁት ለእሱ ነው። የልጄ ክርስትና አባት... ለሌላ ለማን ልስጥ?

እሑድ፣ የካቲት 9

በርናባስ መጣ። "የመርከቧ ነገር አጠረ ብለዋል" አለ። እውነት ነው፣ ግማሽ ገጽ ናት። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ዌልስ ፖውሃታን የምትባል መርከብ አንድ ምሽግ እንድትረዳ ያዛል። የካቢኔ ባልደረባው ደግሞ ሳይነግረው ፕሬዚዳንቱን አስፈርሞ ወደ ሌላ ቦታ ይልካታል። ከዓመታት በኋላም ዌልስ ይብከነከንባታል። ለአንዲት መርከብ! ምን ያንገበግበዋል? እንዳለች ትቀመጥ አልኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሲሬ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ መናኸሪያው ጋ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ከድርቤ፣ ከበርናባስ ታናሽ እህት። "አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ውብሸት!" ብላ ሰላም አለችኝና ምርቃት ጨምራ ጠቀለለችልኝ። በልቼ ጨርሼ መጠቅለያውን ገለጥ ሳደርግ... የእኔ የእጅ ጽሑፍ! ስለ ዌልስ ጢም የጻፍኩት።

"ድርቤ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ወንድሜ ነው የሰጠኝ። ከጥቅምት ጀምሮ በሱ ነው የምጠቀልለው። ምነው?"

"አላነበብሽውም?"

"እኔ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው የተማርኩት። ይሄን ፊደል የት አውቄ?"

ምን ታድርግ እሷ? የቀረውን ሰጠችኝ፤ አሥራ አንድ ሉክ። ከአራት መቶ ገጽ! ሌላው በየመንገደኛው እጅ፣ በየቦዩ... ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

እሑድ፣ የካቲት 16

እንደ ልማዱ እየሳቀ ገባ። አሥራ አንዱን ሉክ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅኩት። ላብ አጠመቀው።

"ወስጄው ነበር፣ ማርያምን! ከበር መለሱኝ። ማን ያነበዋል አሉ። አንተ ደግሞ በጉጉት ስትጠብቅ... እንዴት ልንገርህ?"

"ታዲያ አትመልስልኝም?"

"ብመልሰው ውሸቴ ይወጣላ!"

"ለኦቾሎኒ? በርናባስ፣ ለኦቾሎኒ?"

ከሉኮቹ አንዱን አነሳ። "የመርከቧ ነገር አጠረ ያልኩህ እኔው ነኝ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ" አለ። ይባስ! አንብቦት ነው የሰጣት!

ውጣልኝ አልኩት። ምንትዋብ አለቀሰች። እኔ ግን አላለቀስኩም፣ ተቃጠልኩ እንጂ። ዶሮዬን እየበላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ... ከሃዲ!

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሽማግሌ ላከብኝ። አንደኛው የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። "ወረቀት እኮ ነው፣ ውብሸት። ለወረቀት ብለህ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ትጥላለህ? ምን ያንገበግብሃል?" አሉኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው።

አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። የጀመርኩት እንደ በፊቱ ከዌልስ ልደት አይደለም፣ ከመርከቧ ነው። ያቺ ግማሽ ገጽ ዛሬ ዘጠኝ ገጽ ሞላች። ገና አልጨረስኩም።