«አይታወቅም» ያልኩህ እሳት

ሞገሴ፣

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ትልቋ ልጃችን ወደ ኒሯቅ ከተማ ተድራለች። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናቡ ሲወርድበት የሣር ክዳናችን ጸጥታ ይናፍቀኛል። እኔ ያው መሶብና ሰፌድ እየሰፋሁ ሰቆጣ ገበያ እወጣለሁ።

በቀደም ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ገበያ መጣ። የእጅ ሥራ ለምንሸጥ ሴቶች የእሳት ኢንሹራንስ አለ አለን፤ ዕቃችን ቢቃጠል ሊተካልን። አላመንኩትም። መሶቤን በእጁ እንኳ ሳይነካ አብዝቶ አደነቀው። አጠገቤ የምትሸጠው አለሚቱ «ወይ ጉድ፣ ሳይቃጠልብን የሚያዝንልን ሰው ተገኘ!» ብላ አሳቀችን። ያም ሆኖ ሌሎቹ እዚያው ፈረሙ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። ከልጃችን ደብተር ፊደል ስለቅም «መሪጌታዋ» እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? በዚያችው ፊደል መስመር በመስመር አነበብኩት።

አንዱ ጥያቄ ላይ ጣቴ ቆመ። ከዚህ በፊት ቤትዎ ተቃጥሎ ያውቃል? ምክንያቱስ? ከታች በደቃቅ ፊደል፣ ሐሰት የጻፈ ካሳ አያገኝም ይላል።

በሳምንቱ ሰውየውን ጠየቅኩት። «እማማ፣ ዝም ብለው ‹አይታወቅም› ይበሉ» አለኝ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፤ ዛሬ ውሸት ያስተማረኝ ነገ በዚያው ውሸት ሊከለክለኝ ነው። ወዲያው ግን የራሴው ነገር ትዝ አለኝ። እኔም አንተን ያልኩህ ይህንኑ ነበር።

ያን ክረምት በቀለም የነከርኩት የመስፊያ አክርማ አልደርቅ ብሎኝ፣ አንተ ሳታየኝ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ደርድሬው ገበያ ወጣሁ። አንተም እሳቱን አዳፍነህ ተከተልከኝ። ስንመለስ ቤታችን ዐመድ ነበር። በደንብ ሳላዳፍን ወጥቼ ነው ብለህ ራስህን ወቀስክ፤ ጎረቤትም አንተኑ አማ። ከምን ተነሣ ስትለኝ፣ አይታወቅም አልኩህ። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት፣ በወጣህ ቁጥር ከደጅ እየተመለስክ ረመጡን ሦስት ጊዜ ዐመድ ታለብሰው ነበር። እያየሁ ዝም አልኩ።

ሞገሴ፣ ወረቀቱ ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩ፦ አክርማውን ከምድጃው በላይ የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ እሳቱን አዳፍኖ ነበር። ለአለሚቱና ለገበያው ሴቶችም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰውየው ወረቀቱን ወስዷል። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ እንጃ፤ አሁንም አላምነውም።

እኔ ግን እሳት ባዳፈንኩ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። አንዴ አዳፍኜ እወጣለሁ፤ ያንተም አንዴው በቂ ነበርና።