ነፃ የሆነው ክፍያው ነው፦ የጋሼ ሲካፈል የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ፣ ፍጹም እውነት ነው። «እናቴ ትሙት» ብዬ እንዳልምል እናታችን ቀድማኛለች፤ «ወንድሜ ይሙት» እንዳልልም ዛሬ የምንሸኘው እሳቸውኑ ነው። ስለዚህ እኔ ታናሽ ወንድማቸው በገዛ ራሴ እምላለሁ፦ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ምላሴ እዚሁ ይያዝ። የቀነስኩት ግን ብዙ ነው። ሁሉንም ብጽፈው ይህ ወረቀት መጽሐፍ ይሆንና ቀብሩ ይመሽብናል።

ከተማው ሁሉ «ጋሼ ሲካፈል» እያለ የሚያውቃቸው ወንድማችን፣ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በተወለዱባት ዕለት የጣለው ዝናብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጣለም። አዋላጇ የመጣችው በጀልባ ነው። እናታችን «የምን ጀልባ፣ ኩሬ ብጤ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ ተሻገረች» ትል ነበር፤ ነገር ግን ምጥ ላይ ያለች ሴት ውጭ የሚሆነውን በምን ታውቃለች? አፋቸውን ሲፈቱም እንደ ሌላው ሕፃን «እማ» አላሉም። «ስንት?» ነው ያሉት።

ስማቸው የወጣላቸው በዳቦ ነው። አባታችን ከሥራ ሲገቡ አንድ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። እኛ ታናናሾቹ እንደ ድመት ስንንጠላጠል እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይቆሙና «ለስንት ሲካፈል?» ይላሉ። ጎረቤት ቤት ውስጥ ካለ ይቆጥሩታል፤ በር ላይ የቆመውንም ይቆጥሩታል። ዳቦው ትልቅ ነው ብሎ መደሰት እሳቸው ዘንድ አይሠራም። ትልቅነቱ የሚታወቀው የበይው ቁጥር ከታወቀ በኋላ ነው። ይህቺን አንዲት ሐሳብ ይዘው ሕይወታቸውን ሙሉ ኖሩባት ብል ማጋነን አይሆንም፤ እኔ ደግሞ ማጋነን አልወድም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራችን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። የሒሳብ መምህራቸው ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ፊታቸውን ሳያዞሩ መልሱ ከኋላ ይመጣባቸው ነበር። በመጨረሻ መምህሩ ጠመኔውን አስረክበው ጡረታ ወጡ። ዕድሜያቸው ደርሶ ነው የሚሉ አሉ፤ ምቀኛ የትም አይጠፋም። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብተው በስታቲስቲክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ሊወስዷቸው ሦስት አገሮች ተጣልተው እንደነበር ከታመነ ምንጭ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን የከተማውን ጤና ቢሮ መረጡ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ከቤት በእግር ይደረሳል» አሉ።

ባለቤታቸውን እትዬን ያገኟቸው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ፋርማሲስቷ እትዬ እንክብሉን ቆጥረው ሲሰጧቸው ጋሼ ባንኮኒው ላይ ዘርግፈው እንደገና መቁጠር ጀመሩ። እትዬም «ሊውጡት ነው ወይስ ሊመዘግቡት?» አሏቸው። ጋሼ አንድ ትርፍ አገኙና መለሱላቸው። የእትዬ ልብ የተሸነፈው ያን ጊዜ ነው፤ ትርፍ የሚመልስ ወንድ ከየት ይገኛል? በትዳራቸውም ዛሬ ነርስ የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የከተማ አውቶቡስ የሚነዳውን ወንድ ልጃቸውን አፍርተው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ከተማው በሩን ዘግቶ ሬዲዮ ላይ ተጣደ። በየቀኑ በሬዲዮ «ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፤ ይህን ያህሉ ተያዘ» እያሉ የሚያነቡት ጋሼ ሲካፈል ነበሩ። ሌላው ሰው የተያዘውን ቁጥር ብቻ ሰምቶ ወይ ይደነግጣል ወይ ይፈነጥዛል። ጋሼ ግን የተያዘውን ለተመርማሪው ሳያካፍሉ ውኃ እንኳ አይጠጡም ነበር።

ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ሱቁ ተዘግቶበት የገዛ ጢሙን ሲላጭ ይውላል። አንድ ጠዋት ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ከመንገዱ ማዶ ጮኸ።

«ጋሼ! የተያዘው ሰው ካለፈው ሳምንት በግማሽ ወረደ አይደል? ልክፈት?»

«የተመረመረውስ?»

«እሱም በግማሽ።»

«እንግዲያው ምንድን ነው የወረደው?»

ፀጉር አስተካካዩ ብዙ አሰበ። «ሰልፉ!» አለ።

«ጎሽ! መብራት አጥፍቶ ቤቱ ጸዳ አይባልም። በል ጭምብልህን ከፍ አድርግ።»

ይህን ትምህርት ከሠፈራችን ያልተማረ ሰው አልነበረም፤ ከአንዲት ሴት በቀር። እሷም እናታችን ናት። እናታችን በዚያን ጊዜ በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ነበረች። በሩ ስለተዘጋ የምንጠይቃት በመስኮት ነው፤ እሷ በመስታወቱ ወዲያ፣ እኛ በአትክልቱ በኩል ቆመን። ጆሮዋ ስለደከመ ሁላችንም በምልክት ስንፍጨረጨር፣ የእሷ ድምፅ ግን መስታወት አይበግረውም። «አንተ ቆጣሪ!» ትላቸዋለች ጋሼን፤ «አገሩን ሁሉ ቆጠርከው፤ እኔን መቼ ነው ገብተህ የምትቆጥረኝ?» ጋሼ እጃቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይቆያሉ። እንደዚያን ዘመን አጥብቀው ሲመኙ አይቻቸው አላውቅም፤ የሚመኙት ግን አንድ ብቻ ነበር፣ ያ በር ተከፍቶ እናታቸው ጎን መቀመጥ።

ታዲያ ምኞታቸው ሊደርስ ሆነ። በሠፈራችን ከበሽታው ነፃ የተባለው ሰው እጅግ በዛ፤ የተያዘው ከተመርማሪው ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቆጠር ሆነ። የቢሮው ኃላፊ «ሠፈሩ ነፃ ወጥቷል» ብለው እሑድ ሊያውጁ፣ የአረጋውያኑም ቤት በዚያው ቀን በሩን ለጠያቂ ሊከፍት ተወሰነ። እናታችን የምትለብሰውን ቀሚስ አውጥታ ወንበር ላይ ሰቀለች።

ጋሼ ግን ቁጥሩን ሐኪም ሆድ እንደሚዳስስ ዳሰሱት። አልጣማቸውም። ላብራቶሪው ወረፋ በዝቶበት ውጤት የሚመልሰው በስንት ልመና ነው፤ «ነፃ» የተባለው ሰው ግን ላብራቶሪው ከመለሰው ውጤት ሁሉ ይበልጣል። «ያልተወለደ ጥጃ እንዴት ወተት ጠጣ?» አሉ።

ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው አንዲት ቃል ነበረች። በኳስ ሜዳው ላይ በተተከለው የምርመራ ድንኳን የሠፈሩ ነዋሪ ያለ ክፍያ ይመረመራል፤ መንገደኛ ይከፍላል። አመሻሽ ላይ ከቢሮ ወደ ድንኳኑ ይደወልና «ነፃ ስንት?» ይባላል። ቢሮው የሚጠይቀው ከቫይረሱ ነፃ የሆነውን ነው። ድንኳኑ የሚመልሰው በነፃ የተመረመረውን ነው። ሁለቱም በትሕትና «እሺ፣ ደህና ይደሩ» ተባብለው ስልኩን ይዘጋሉ። ውጤቱ ገና ያልመጣ ሰው ሁሉ፣ ሳል እያጣደፈው፣ በወረቀት ጤነኛ ሆኖ ያድራል! ይህን የደረሱበት ጋሼ በአእምሯቸው ኃይል ብቻ ነው። ጥፋቱ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ በትክክል አልታወቀም፤ አንድ እንቅልፋም ጸሐፊ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

የመጨረሻው ስብሰባ የተደረገው በኮምፒውተር ነበር። ጋሼ ከታመመ ባልደረባቸው ጋር ስለተነካኩ ቤታቸው ለብቻ ተቀምጠዋል። እኔ ዳቦና ሽንኩርት ላደርስላቸው ሄጄ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበርና፣ የምናገረው በዚህ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ብድግ አሉና እንዲህ ብለው አገሡ፦

«ክቡር ኃላፊ! ነፃ የሆነው ክፍያው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም! እኔም እናቴ ናፍቃኛለች፤ ግን በሩን አትክፈቱ!»

መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ርግቦች ጣሪያውን ለቀው ወደ ጎረቤት አገር ተሰደዱ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ማንም ሳያዘው ጭምብሉን ከፍ አደረገ። ስብሰባተኛው በድንጋጤ ድርቅ አለ፤ ኃላፊው ላባቸውን ጠረጉ። ይህን በዓይኔ ባላይም ከሁኔታው ተረድቻለሁ፤ ጋሼ ተናግረው ሲቀመጡ አንድም ሰው ሊመልስላቸው አልደፈረምና።

እሑድ በሩ ሳይከፈት ዋለ። በቀጠለው ሳምንት የዘገየው ውጤት ከላብራቶሪ ሲደርስ፣ «ነፃ ወጣ» ሊባል በነበረው ሠፈራችን ከተመረመሩት ከየአምስቱ አንዱ ተይዞ ተገኘ። በአረጋውያኑ ቤት ግን አንድም ሰው አልታመመም። በሩ በስንት ጊዜ ተከፍቶ ጋሼ ሲገቡ እናታችን ያቺኑ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ታመሰግናቸዋለች ያላችሁ አታውቋትም። ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «ከስተሃል። አንተ ደግሞ ለስንት ተካፈልክ?» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖራ፣ ሁላችንንም በየተራ ተቆጥታ፣ በእንቅልፏ ዐረፈች።

ቢሮውም የጋሼን ውለታ አልረሳም። ከጫጫታ ርቀው እንዲያስቡ ብሎ ከግቢው ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ለብቻቸው ክፍል ሰጣቸው። ለብቻው ክፍል ያለው እንግዲህ ሚኒስትር ነው! ሬዲዮውንም ለወጣቶች ለቀቁ። እስከ ጡረታቸው ድረስ በዚያች ክፍል በታላቅ ክብር አገለገሉ።

ጋሼ ሲካፈል ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሐኪማቸው ሊያጽናኗቸው «ከመቶ ሰው ሰማንያው ይድናል» ቢሏቸው፣ «ስንት ሰው አይታችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ሄደው አጣርተው ተመለሱ። እኔ በሕይወቴ ሐኪም የቤት ሥራ ተሰጥቶት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ እንክብላቸውን ቆጥረው መዳፋቸው ላይ ሲያኖሩላቸው፣ ሳይቆጥሩ ዋጡት። እትዬ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ከቀትር በፊት በሰላም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም አሁን በራሱ ጊዜ ጭምብል የሚያደርገውን ፀጉር አስተካካይ ትተውልን ሄደዋል። ቢካፈል የማያልቀው የፈጣሪ ምሕረት ይድረሳቸው፤ ነፍሳቸውንም ያለ ቀሪ ይቀበልልን። ለእኛም መጽናናቱን እኩል ያካፍለን።

ጽሑፌ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ነገር ግን እኔ እያነበብኩላት በኮምፒውተር የጻፈችው በዚያ ዘመን የድንኳኑ መዝጋቢ የነበረችው ሴት ናት፤ ከዚያ ወዲህ የቤታችን ልጅ ሆናለች። ምርቃቱን ጽፋ ስትጨርስ እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሣችና «ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ልበል?» አለችኝ። ተናግራ ስትጨርስ፣ «እኔ ምዬ ጀምሬያለሁ፤ አልመለስበትም። አንቺው በቃልሽ ጻፊው» አልኳት። የጻፈችው ይኸው፦

«ጋሽዬ መስኮቱ ሥር የሰሙት እውነት ነው። ስብሰባው ውስጥ የነበርነው ግን ምንም አልሰማንም። የጋሼ ማይክ ዝግ ነበር። እጃቸው ሲወራጭ፣ አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው ያየነው። ኃላፊው ‹ጋሼም ደግፈውታል› ብለው አለፉ፤ እሑድ ይከፈት ተብሎ ተበተነ።

እንቅልፋም ጸሐፊም አልነበረም። ስልኩን የማነሣው እኔ ነበርኩ፤ የሚደውሉት ጋሼ ራሳቸው። ስልጠና ላይ ‹ያለ ክፍያ በሉ እንጂ ነፃ አትበሉ› ተብለን ነበር፤ እኔ ‹ነፃ› ያጥራል ብዬ ነው። በስብሰባው ዋዜማ ደውለው ‹የኔ ልጅ፣ ነፃ ስትዪኝ ምን ማለትሽ ነው?› አሉኝ። ‹ያልከፈሉት ናቸዋ› አልኳቸው። የሥራ ኮንትራቴ የሚታደስበት ሰሞን እንደነበር ያውቃሉ።

ስብሰባው እንዳለቀ ለኃላፊው ደወሉላቸው። ‹ነፃ ስንት እያልኩ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ጥያቄውም ስሕተቱም የኔ ነው። እሑድ አትክፈቱ› አሏቸው። በሩን የዘጋው ይህ ነው። ከጄኔሬተሩ አጠገብ ያለችው ክፍልም ሽልማት አልነበረችም። የኔ ቅጣት ነበረች።

በማግስቱ ኃላፊው ሁላችንንም በኮምፒውተር ሰብስበው ጥፋቱ የጋሼ መሆኑን ሲናገሩ፣ ‹የኔ ነው› ልል ማይኬን ከፈትኩ። ጋሼ ስክሪኑ ላይ አዩኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ኃላፊው ‹የሚሉት አለዎት?› ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የመጀመሪያው ቀን ድምፃቸው የተዘጋው ሳያውቁት ነው። በማግስቱ ግን አውቀው ነው የዘጉት።»